በአባል ስም ሲገባ አድሚኑ እንዳይጠፋ

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር አንድ ወጣት ፕሮግራመር ጽፎልኛል። ለቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም እየሠራ ነው። «አባል ይደውልና ብድሬ አይታየኝም ይላል። ሠራተኞቹ ደግሞ ፓስወርዱን ይጠይቁታል። ይህን ለማስቀረት አድሚን (ሲስተሙን የሚያስተዳድረው ሠራተኛ) በአባሉ አካውንት የሚገባበት በተን ሠራሁ። አሁን ግን አድሚኑ የነካው ሁሉ በአባሉ ስም ይመዘገባል። የምጠቀመው ስፕሪንግ ሴኩሪቲ ነው፤ መግቢያና ፈቃድ የሚቆጣጠረው የጃቫ መሣሪያ። ምን ላድርግ?»

ፓስወርድ መጠየቅን ለማስቀረት ማሰብህ ትልቅ ነገር ነው። ጥፋቱ ያለው በተኑ አድሚኑን አስወጥቶ አባሉን በቦታው መተካቱ ላይ ነው። ነገ አንዲት እናት ከመጋላ መጥተው «ይህን ብድር እኔ አልጠየቅኩም» ቢሉ ሎግህ (ማን ምን እንደሠራ የሚይዘው መዝገብ) በእሳቸው ላይ ይመሰክራል። የሰው ገንዘብ ነው! ሲስተሙ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ማወቅ አለበት፤ ማን እየሠራ እንደሆነና በማን ስም እንደሚሠራ።

ለዚህ የራስህን ኮድ አትጻፍ። ስፕሪንግ ሴኩሪቲ ውስጥ ስዊች ዩዘር ፊልተር የሚባል ተዘጋጅቶልሃል፤ ፊልተር ማለት እያንዳንዱ ጥያቄ የሚያልፍበት ኬላ ነው። ወደ አባሉ ሲቀይር አድሚኑን አይጥለውም። በአባሉ መብቶች ላይ «ሮል ፕሪቪየስ አድሚኒስትሬተር» የሚል ይጨምርና ዋናውን ማንነት እዚያ ውስጥ ይይዘዋል። አድሚኑ ሲጨርስም ወደ ራሱ አካውንት ይመልሰዋል። ሎግ ስትጽፍ ያንን መብት ፈልግና ጌት ሶርስ የሚባለውን ሜተዱን ጥራ፤ አድሚኑን ታገኘዋለህ። ሠንጠረዡ ላይ ለአባሉ አንድ፣ ለአድሚኑ ሌላ ዓምድ ይኑር። ለምን እንደገባም ያስጽፈው።

አሁን ዋናው አደጋ። ፊልተሩ ማን መቀየር እንደሚችል ራሱ አይወስንም። የመቀየሪያውን አድራሻ ለአድሚን ብቻ የምትፈቅደው አንተ ነህ። ፊልተሩም የፈቃድ ደንብህን ከሚያጣራው ከኦቶራይዜሽን ፊልተር በኋላ መሰለፍ አለበት። ካስቀደምከው ግን ደንብህ ሳይታይ ያልፋል፤ ማንም ሰው የሌላውን ስም ሰጥቶ ይገባል። አቦ፣ እዚህ ላይ አትቸኩል። በተራ አባል ግባና ራስህ ሞክረው፤ መከልከል አለበት። የመቀየሪያው ጥያቄ በፖስት ብቻ ይሂድ (ሊንክ በመንካት ብቻ እንዳይላክ)፣ ሌላ ድረ ገጽ በአድሚኑ ስም ጥያቄ እንዳይልክ የሚያግደውን የሲኤስአርኤፍ መከላከያም አታጥፋ።

አድሚን ወደ ሥራ አስኪያጁ አካውንት መግባትም የለበትም። ፊልተሩ የራሱን ዩዘር ዲቴይልስ ሰርቪስ (ተጠቃሚን በስሙ ፈልጎ የሚያመጣውን ክፍል) ስለሚቀበል፣ ተራ አባላትን ብቻ የሚያገኝ ስጠው። ሌላው ስም «የለም» ይባላል።

ከገባ በኋላስ? እኔ ብሆን ማየት ብቻ እፈቅድ ነበር። ብድር መጠየቅ፣ ገንዘብ ማውጣት፣ ስልክ ቁጥርና ፓስወርድ መቀየር ያ «ሮል ፕሪቪየስ አድሚኒስትሬተር» የሚለው ተጨማሪ መብት እስካለ ድረስ ይዘጉ። ገጹ አናት ላይም በማን አካውንት እንዳለ በቀይ ይጻፍለት፣ መውጫው አጠገቡ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ያጋጥምሃል። አካውንቱ የተቆለፈበት አባል ሲደውል በተኑ እምቢ ይላል፤ ፊልተሩ የአካውንቱን ሁኔታ ያጣራልና። ሠራተኞቹ ቢጨቀጭቁህም ማጣሪያውን አታንሳ። አድሚኑ በራሱ ስም እንዳለ የአባሉን ብድር የሚያይበት ገጽ ለብቻው ሥራላቸው።