የማስተርስ ብድርና የመንግሥት ደመወዝ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ የካውንቲ ሠራተኛ ነኝ። የሕዝብ አስተዳደር ማስተርስ ለመማር 60,000 ዶላር ልበደር ነው። ያዋጣኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመፈረምሽ በፊት አለቃሽን ጠይቂ፤ በዲግሪው ደመወዝሽ በስንት ይጨምራል? እኔ ሳልጠይቅ ፈረምኩ። ጭማሪው የወር ክፍያዬን እንኳ አልሸፈነም። የብድሩ ፖስታ በመጣ ቁጥር ሆዴ ይላወስ ነበር።

አንቺ ግን ቀጣሪሽ መንግሥት ነው፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ሕግ፣ ሙሉ ሰዓት እየሠራሽ በገቢሽ ልክ 120 ወርሃዊ ክፍያ ከከፈልሽ፣ ቀሪው የፌዴራል ብድር ይሰረዝልሻል። የግል ባንክ ብድር ግን አይሰረዝም፤ እባክሽ አትንኪው! መሥሪያ ቤትሽ ለትምህርት የሚከፍል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ተጠቀሚ። በሴሚስተር አንድ ኮርስም ቢሆን ይበቃል። ብድሩ እንዲሰረዝ የሚያስፈልገውን የቅጥር ማረጋገጫ ቅጽም በየዓመቱ መሥሪያ ቤትሽን አስፈርሚና ኮፒውን አስቀምጪ።