ግማሽ ሄክታር የጓሮ ቡናን በኦርጋኒክነት ስለ ማስመዝገብ

«በዳሌ ወረዳ ከወላጆቼ የወረስሁት ግማሽ ሄክታር ቡናና ጥቂት አቮካዶ አለኝ፤ ኦርጋኒክ ቋሚ ሰብል (እንደ ቡናና ወይራ ያለ ለብዙ ዓመት የሚቆይ ተክል) በየአገሩ እየተስፋፋ ነውና ለብቻዬ የምስክር ወረቀት ባወጣ ያዋጣኛል?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፣ ሐዋሳ ተቀምጬ በቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት የውስጥ ቁጥጥር (ማኅበሩ ራሱ የአባላቱን ማሳ የሚከታተልበት) ሥራ ላይ ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ።

ለብቻዎ አያዋጣዎትም።

መስፋፋቱ እውነት ቢሆንም በየአገሩ አንድ ዓይነት አይደለም። የፈረንሳይ ወይን አምራች ወደ ኦርጋኒክ ሲገባ አሠራሩን ከሥሩ ይለውጣል፤ የለመደውን ፀረ ፈንገስ ትቶ መዳብ ይረጫል፣ መዳቡም በሰባት ዓመት በሄክታር ከ28 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ በአውሮፓ ኅብረት ተገድቧል። በብዙው የቱኒዚያ ወይራና በእኛ የጓሮ ቡና ግን ዛፉም አያያዙም ቀድሞ የነበረ ነው፤ ከእንሰት ጋር ተሰባጥሮ በእበትና በቅጠል ጉዝጓዝ ያደገ ቡና አብዛኛውን ጊዜ ኬሚካል አያውቅም። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የሚጨምረው በዋናነት ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱ ግን ራሱን የቻለ ከባድ ሥራ መሆኑን የሠራበት ያውቀዋል።

ለአውሮፓ ገበያ ቋሚ ሰብል ከመጀመሪያው ኦርጋኒክ ምርት በፊት የሦስት ዓመት ሽግግር ይጠየቅበታል፤ በዚህ ጊዜ ቡናዎ የሚሸጠው እንደ ተራ ቡና ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ አነስተኛ ገበሬዎች በቡድን እንዲመዘገቡ ይፈቅዳል፤ ቡድኑ ሕጋዊ ሰውነት ያለው፣ ከ2,000 አባላት ያልበለጠና የውስጥ ቁጥጥር ያለው መሆን አለበት፤ የውጭ ተቆጣጣሪውም በየዓመቱ ቢያንስ 5 በመቶውን አባል ማሳው ድረስ ሄዶ ያያል። ግማሽ ሄክታር የማይሸከመው ወጪ በዚህ መንገድ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ የአባሉ ማሳ ሳይሆን የጎረቤቱ ጫት ነበር። ጫት በፀረ ተባይ የሚረጭ ከሆነ ነፋሱ ወደ ቡናው ይዞት ይመጣልና በመካከሉ አጥርና ክፍት ቦታ መተው ግድ ነው፤ ይህንንም ለጎረቤት ማስረዳት ደንቡን ከማንበብ ይከብዳል። አንድ ዓመት ደግሞ ከናሙና ውስጥ የመድኃኒት ቅሪት ተገኘና ማሳውን ሁሉ ዞርነው፤ ጥፋቱ ግን ከማሳ አልነበረም። አንድ አባል የነቀዝ መድኃኒት የተደረገበት በቆሎ በነበረበት ጆንያ ጀንፈሉን (ከነልጣጩ የደረቀውን ቡና) አስቀምጦ ኖሯል። ከዚያ ጋር የተቀላቀለው ቡና በሙሉ በተራ ዋጋ ተሸጠ።

አቮካዶው እዚያው ማሳ ላይ ስላለ አብሮ ይመዘገባል፤ ኦርጋኒክ ገዢ ሳያገኙለት ግን የዋጋ ጭማሪ አይጠብቁበት።

በቀበሌዎ ያለው መሠረታዊ ማኅበር በኦርጋኒክነት የተመዘገበ መሆኑን፣ አዲስ አባል የሚቀበለውም መቼ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ማሳው የገባውን ሁሉ፣ እበትም ይሁን ችግኝ፣ ከነቀኑ በደብተር ይያዙ። መሬቱ ላለፉት ሦስት ዓመታት ያለ ኬሚካል መቆየቱ በማስረጃ ከተረጋገጠ ያ ጊዜ እንደ ሽግግር ሊቆጠርልዎ ስለሚችል፣ የቀበሌዎን የልማት ሠራተኛ ምስክርነት በጽሑፍ ማግኘትም ይጠቅምዎታል።