ቧንቧ ይመጣል ብለህ ቦቴህን አትሽጥ

"አባታችን ትቶልን ያለፈ የነዳጅ ቦቴ አለ። ቆሞ የነበረው የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ሊቀጥል ነው ይላሉ፤ ዋጋው ሳይወርድ ልሽጠው?" ላልከው ወንድሜ፦ እኔም እዚሁ አዳማ የቦቴ ባለቤት ነኝ፤ ይቺን ወሬ እስኪበቃኝ ሰምቻታለሁ።

1. ደላላውን "የትኛው ቧንቧ?" በለው። በመስከረም 2008 የተፈረመው ከጅቡቲ ዳመርጆግ ተነስቶ አዋሽ የሚደርስ 550 ኪሎ ሜትር ነበር። 1.55 ቢሊዮን ዶላር ተባለ፣ በፈረንጆቹ 2018 ያልቃል ተባለ፣ ቀረ። እሱም ቢሆን የተጣራ ናፍጣ፣ ቤንዚንና የአውሮፕላን ነዳጅ ሊያመጣ እንጂ ለድፍድፍ አልነበረም። የድፍድፉ ወሬ በሰኔ 2010 ሶማሌ ክልል ሙከራ ተጀመረ ሲባል የመጣ ነው። ሥራ ላይ ያለ ማጣሪያ በሌለበት አገር ድፍድፍ ቢወጣ የሚሄደው ወደ ውጭ ነው፤ ያንተ ቦቴ የሚጭነው ተጣርቶ የሚገባውን። ታዲያ ምንህን ይነካብሃል?

2. ባንክ ስትሄድ... እዚህ ላይ ትንሽ ልተንፍስ። በዚያ የፊርማ ሰሞን ተሳቢ ለመቀየር ብድር ጠየቅኩ። የብድር ክፍሉ ሰውዬ (ባንኩ ስሙ ይቅር) ፋይሌን ሳይገልጥ፣ ከጠረጴዛው መስታወት ስር ያለችውን የጋዜጣ ቁራጭ በእስክሪብቶው ጫፍ መታ መታ አድርጎ "ቧንቧው ሲመጣ በዚህ ብረት ውሃ ልትሸጥበት ነው?" አይለኝም! ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። "ጌታዬ፣ ቧንቧው አዋሽ ላይ ያበቃል፤ ከአዋሽ ሀዋሳና ጅማ በምን ሊደርስ ነው?" ብለው "ቀጣይ!" ብሎ ተጣራ። መልስ አልነበረውማ።

ያኔ ደንግጠው በርካሽ የሸጡ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ገዢዎቹ ዛሬም ይጭናሉ። እኔ ከእህቴ ጋር ዕቁብ ገብቼ ተሳቢዬን ቀየርኩ። ይኸው እስከ ዛሬ በጋላፊ ይመላለሳል፤ ልጆቼን ያስተማረውም እሱ ነው። ያ ሰውዬ ይስማ!

3. "ተፈረመ" ሲሉህ ገንዘቡን ማን አወጣ፣ ቁፋሮው የት ደረሰ በል። መስመር ላይ የሚውል ሹፌር ከዜናው ቀድሞ ያየዋል።

የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ አላስቆም ብሎህ ከሆነ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሽጠው። ብቻ ውርሱን በፍርድ ቤት ሳትጨርስ ገዢ አታናግር፤ ሊብሬውንም ደላላ እጅ አታስገባ፣ ኮፒም ቢሆን።