የሪፐብሊካኖቹን ፖለቲካ የሚተች መጽሐፍ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ አሜሪካ ከገባሽ ሁለት ዓመትሽ እንደሆነ፣ ነርሲንግ እየተማርሽ እንደምትሠሪ፣ ሥራ ቦታ በፖለቲካ ሲከራከሩ ዳር ቆመሽ እንደምትሰሚ ጽፈሽ የወግ አጥባቂዎቹን ፖለቲካ የሚተች «አንድ ደህና መጽሐፍ» ጠይቀሻል። አንድ ብቻ ጠርቼ ብሄድ የበደልኩሽ ይመስለኛል። በምን ቅደም ተከተል ብታነቢ እንደሚሻል ግን ከራሴ ስህተት ተነሥቼ ልንገርሽ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ርዕሶቹንም ላይብረሪ ስትጠይቂ እንዲቀናሽ እንደሚጠሩት አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ላይ ስምንት ዓመት የሌሊት ሺፍት ሠርቻለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና ዝር ስለማይል ቡዟ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነብ ነበር። መጀመሪያ ያነሣሁት አንድ የቴሌቪዥን ሰው የጻፈውን ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ሪፐብሊካን ሁሉ ወይ ጅል ወይ ሌባ ነው የሚል ነበር። አልዋሽሽም፣ ጣፈጠኝ። ጠዋት የሚተካኝ ሰው ደግሞ ጡረታው የደረሰ የዌስት ቨርጂኒያ ነጭ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሪፐብሊካን የመረጠ። ያነበብኩትን አንድ በአንድ ስወረውርለት ቡናውን እየጠጣ ሰማኝና «እኛ የጻፍነውንስ አንብበሃል?» አለኝ። አላነበብኩም ነበር። በሳምንቱ ገጾቿ የወየቡ ቀጭን መጽሐፍ አመጣልኝ፤ በ1960 የወጣችው የባሪ ጎልድዋተር «ዘ ኮንሸንስ ኦቭ ኤ ኮንሰርቫቲቭ»።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ያልጠየቅሽኝ ነው፦ ከትችቱ በፊት ይችን አንብቢ። በሁለት ቀን ታልቃለች። የወጣችው በአሪዞናው ሴናተር በጎልድዋተር ስም ነው እንጂ የጻፋት ብሬንት ቦዜል የሚባል ሰው ነው። ስለ ሲቪል መብት የሚለው ምዕራፍ ላይ ቆም በዪ። ጥቁርና ነጭ ልጆች አንድ ትምህርት ቤት ቢማሩ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ ይላል፤ የፌዴራሉ መንግሥት ግን ስቴቶቹን የማስገደድ ሥልጣን የለውም ይላል። መርሁን ላይ ላዩን ስታዪው ያምራል። ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው በሚማሩበት በ1960 ሚሲሲፒ ውስጥ ያ መርህ ማንን ይጠቅም ነበር ብለሽ የጠየቅሽ ዕለት ትችቱን ራስሽ ጀምረሽዋል።

ከዚያ ሪክ ፐርልስታይንን ያዢ። «ቢፎር ዘ ስቶርም» (2001) ጎልድዋተር በ1964 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረበትን ታሪክ ይተርካል። ሰውዬው በዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት በሊንደን ጆንሰን ክፉኛ ተሸነፈ፤ ያገኘው ስድስት ስቴት ብቻ ነው፣ የራሱን አሪዞናንና አምስት የደቡብ ስቴቶችን። ነገሩ ያለው እነዚያ አምስቱ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የዘር መድልዎን የሚከለክለው የሲቪል መብቶች ሕግ ሴኔት ሲቀርብ ከ33ቱ ሪፐብሊካኖች 27ቱ ደግፈውት፣ እሱ ከተቃወሙት ስድስቱ አንዱ ነበር። ፓርቲው በኋላ የሄደው በ27ቱ መንገድ ሳይሆን በእሱ ነው። ፐርልስታይን ግራ ዘመም ነው፣ አይደብቀውም። ግን ሰነድ እየበረበረ፣ ሰዎቹን ሰው አድርጎ ስለሚጽፍ ወግ አጥባቂዎች ሳይቀሩ አመስግነውታል። ቀጣዩ «ኒክሰንላንድ» ወደ 900 ገጽ ስለሚጠጋ ለእረፍትሽ አቆዪው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። አርሊ ራስል ሆክሺልድ የምትባል የበርክሊ ሶሲዮሎጂስት አለች። አምስት ዓመት ሙሉ እየተመላለሰች ሉዊዚያና፣ ሌክ ቻርልስ አካባቢ ካሉ የቲ ፓርቲ (ግብርና የመንግሥት ጣልቃ ገብነት ይቀነስ የሚል የወግ አጥባቂዎች ንቅናቄ) ደጋፊዎች ጋር ተቀምጣ፣ ቤታቸው በልታ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄዳ «ስትሬንጀርስ ኢን ዜር ኦውን ላንድ» የተባለውን መጽሐፍ በ2016 አወጣች። በገዛ አገራቸው ባዕድ የሆኑ ሰዎች እንደማለት ነው። የያዘቻት ጥያቄ አንዲት ናት፦ ውሃቸውን የኬሚካል ፋብሪካ የመረዘባቸው ሰዎች ፋብሪካውን የሚቆጣጠረውን መንግሥት ለምን ይጠላሉ? ከሰዎቹ አንዱ አሠሪዎቹ አዝዘውት መርዙን በድብቅ ወንዙ ውስጥ ሲደፋ የኖረ ሠራተኛ ነው። ዓሣቸው የተመረዘባቸው ሰዎች በተሰበሰቡበት «የደፋሁት እኔ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ቆሟል። ይኸው ሰው በስተርጅና የመንግሥት ቁጥጥር ይቀነስ የሚል ፖለቲከኛ ይደግፋል። እሷ ግን አትስቅበትም።

መጽሐፉ መሃል ላይ የሰልፍ ታሪክ አለ። ሰዎቹ ረጅም ሰልፍ ይዘው ቆመዋል፤ ከኮረብታው ማዶ የአሜሪካ ሕልም አለ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ከፊት ግን ሰው ሾልኮ እየገባ ነው፤ ጥቁሩ፣ ሴቷ፣ ስደተኛው። ሥርዓት ያስከብራል የተባለው ፕሬዚዳንት ደግሞ የሚያግዘው ለሚሾልኩት ነው። ይህን መልሳ ስትነግራቸው «አዎ፣ የሚሰማን ይኸው ነው» አሏት። የአዲስ አበባ የታክሲ ሰልፍ ላይ በዝናብ ቆሞ ሰው ሲገባበት ያየ ሰው ንዴቱን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። የኔ ችግር ሌላ ነበር። በዲቪ ነው የመጣሁት። እዚያ ታሪክ ውስጥ የሚሾልከው እኔ ነኝ።

ያን ሌሊት መጽሐፉን አስቀምጬ ስለ ዲቪ ሕግ ማንበብ ጀመርኩ። በ1990 የፈረመው ትልቁ ጆርጅ ቡሽ ነው፣ ሪፐብሊካን። በ2017 ኒውዮርክ ውስጥ በዲቪ የገባ አንድ ሰው በመኪና ሰው ከገደለ በኋላ ዲቪ ይሰረዝ ያለው ትራምፕም ሪፐብሊካን ነው። በሁለቱ መካከል ፓርቲው ምን ነካው? ለእኔ ንባቡ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይህን ጥያቄ ማሳደድ ሆነ።

መጽሐፉን ለዌስት ቨርጂኒያው ሰው ሰጠሁት። ከወር በኋላ አንዳንዱን ቦታ በእርሳስ አስምሮበት መለሰልኝ፤ የላይብረሪ መሆኑን እንኳ አላስተዋለም፣ ቅጣቱን እኔ ከፈልኩ። «ሰልፉን በትክክል ይዛዋለች» አለኝ። «አንተን ግን ማለቴ አይደለም።» ታዲያ ማንን ነው አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ቁልፉን ተረክቦ ወደ ቡዙ ገባ።

ሆክሺልድ ሰዎቹን ትረዳቸዋለች፣ አንዳንዴ ከልክ በላይ ታዝንላቸዋለች የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ለማመጣጠኛ የሄዘር ማክጊን «ዘ ሰም ኦቭ አስ» (2021) አስከትዪ። ሞንትጎመሪ፣ አላባማ ውስጥ ኦክ ፓርክ የሚባል መናፈሻ ትልቅ የሕዝብ መዋኛ ነበረው፣ ለነጮች ብቻ። ጥቁሮችም ይግቡ የሚለው ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ከተማው ለሁሉም ከመክፈት መዝጋቱን መረጠ፤ መዋኛውን በ1959 ደፈኑት። የነጭ ድሃ ልጅም በዚያ ሙቀት መዋኛ አጣ። ለሁሉም የሚሆን ነገር ለምን እዚህ አገር እንዲህ ይከብዳል ለሚለው፣ ለምሳሌ ሕክምና፣ የእሷን ያህል ጥርት አድርጎ ያስረዳኝ የለም።

የቶማስ ፍራንክ «ዋትስ ዘ ማተር ዊዝ ካንሳስ» (2004) ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠቁመው ነው። ደራሲው የካንሳስ ልጅ ነው። ሠራተኛው በውርጃ ተቆጥቶ ይመርጣል፣ ያገኘው ግን ለሀብታም የግብር ቅናሽ ነው ይላል። በቀልድ የተጻፈ ስለሆነ ይነበባል። ግን መራጩ የራሱን ጥቅም አያውቅም የሚለው ነገሩ ያሳስበኛል፤ እኛም አገር የተማረው ስለ ገበሬው እንዲህ ሲያወራ ሰምቼ አድጌያለሁ። ደግሞ ያው ካንሳስ በ2022 የውርጃን መብት ከሕገ መንግሥቱ ለማውጣት ሕዝቡን ሲጠይቁት 59 በመቶው እምቢ አለ። ሰው ከመጽሐፍ ይሰፋል።

ስለ ገንዘቡ ከሆነ የጄን ሜየር «ዳርክ መኒ» (2016) ይበቃሻል፤ የኮክ ወንድማማቾች የሚባሉት ቢሊየነር የኩባንያ ባለቤቶችና መሰሎቻቸው የጥናት ተቋማትን፣ የዩኒቨርሲቲ ክፍሎችን እንዴት እንደደጎሙ ታሳይሻለች። ቻርልስ ኮክ በ2016 ትራምፕን አለመደገፉን ግን አትርሺ፤ «ሁሉንም የሚዘውሩት እነሱ ናቸው» ካልሽ በክርክር ትሸነፊያለሽ። የናንሲ ማክሊንን «ዴሞክራሲ ኢን ቼይንስ» የሚጠቁምሽ ሰው ካለ፣ ጥቅሶች አያያዟ ላይ ከራሷ ወገን ምሁራን ጭምር ብርቱ ወቀሳ እንደደረሰባት አውቀሽ አንብቢ።

በእምነትሽ ጴንጤ ከሆንሽ ወይም የሥራ ባልደረቦችሽ ከሆኑ፣ የክሪስቲን ኮብስ ዱ ሜዝን «ጂሰስ ኤንድ ጆን ዌይን» (2020) አትለፊ። የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህርት ናት፣ ከውጭ ሆና አይደለም የምትጽፈው። የከብት እረኛ ፊልም ጀግናው ጆን ዌይን እንዴት የነጭ ወንጌላውያን የወንድ ልክ እንደሆነ ትተርካለች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሳነበው ግን የእኛንም ሰባኪዎች እያሰብኩ ነበር። ከውስጥ የመጣ ሌላ ድምፅ ከፈለግሽ በ2012 የሪፐብሊካኑ የፕሬዚዳንት ዕጩ የሚት ሮምኒ ምርጫ ዋና ስትራቴጂስት የነበረው ስቱዋርት ስቲቨንስ «ኢት ዋዝ ኦል ኤ ላይ» (2020) ብሎ ጽፏል፤ «ሁሉም ውሸት ነበር» ማለት ነው። አጭር ነው፣ ጸጸት አለበት፣ ግማሹ ራስን መክሰስ ነው።

ገንዘብ አታውጪ። የካውንቲሽ ላይብረሪ ካርድ በነጻ ነው፤ ካርዱ ካለሽ «ሊቢ» በሚባለው አፕ ከእነዚህ ብዙዎቹን በኦዲዮ ታገኚያቸዋለሽ። ወረፋ ካለ ስምሽን አስመዝግበሽ የጎልድዋተሯን ጀምሪ። ሆክሺልድን ግን በወረቀት ውሰጂ፤ በመኪና እየነዳሽ የምትሰሚው አይደለም። እርሳስ የያዘ ሰው ካየሽም አታውሺው።