«ቲቸር፣ ሆዴን አመመኝ»

ሰሞኑን አንዲት ወጣት የመዋዕለ ህፃናት መምህርት ምክር ጠየቀችኝ። ክፍሏ ግድግዳ ላይ የፊት ስዕሎች ለጥፋለች፤ የሚስቅ፣ የሚያለቅስ፣ የተቆጣ፣ የፈራ። ልጆቹ ጠዋት ሲገቡ የሚሰማቸውን ይነካሉ። «ሁሉም የሚስቀውን ነው የሚነኩት። እንባው ያቀረረው እንኳን! ምን ላድርግ?» አለችኝ።

መልሱን ትቼ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

አራት ዓመቱ ነበር። እኔም ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ስለነበር ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሹራቡን እጅጌ እያኘከ ይመጣና «ቲቸር፣ ሆዴን አመመኝ» ይለኛል። መጀመሪያ ቀን ደንግጬ ግንባሩን ዳሰስኩት። ትኩሳት የለውም። ውሃ ሰጠሁት። በማግስቱም ውሃ። ሳምንት ሲሞላ ግን እረፍት ላይ እንደ ልቡ ሲሮጥ አየሁትና ነቃሁበት አልኩ። ጠዋት እንደለመደው ሲመጣ ልጆቹ ሁሉ ፊት «ምንም አላመመህም፤ ውሸት ጥሩ አይደለም» አልኩት።

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አላለቀሰም። እጅጌውን ከአፉ አወጣና እርጥቡን ጫፍ ጨብጦ ቦታው ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ሆዴን አመመኝ ብሎኝ አያውቅም። እኔም ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ!

ወር ሳይሞላ እናቱ ጨቅላ ታቅፋ መጣች። «እህቱ ከተወለደች ጀምሮ እኮ ቤት ውስጥ ዝም ብሏል» አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

እስኪ አስቡት። እኛ ትልልቆቹ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ስንል ማንም ውሸታም አይለንም። ልጁም ያለው ያንኑ ነው። ቀንቷል፣ እናቱ ናፍቃዋለች፣ ህፃኗንም ይወዳታል። በዚያ ዕድሜ ሁለት የሚጣሉ ስሜቶች ባንዴ ሲመጡ መለየት ከባድ ነው። ለአባቴም ከባድ ነበር፤ ሲናደድ የሬዲዮ ድምፅ ይጨምራል። የቤታችን ሰው ሁሉ የአባቴን ሆድ የሚያውቀው በሬዲዮው ነበር።

በ2007 እ.ኤ.አ. ማቲው ሊበርማን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት አለ። ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት እያዩ የስሜቱን ስም ሲመርጡ፣ አሚግዳላ የሚባለው፣ አደጋ ሲመጣ የሚነቃው የአንጎል ክፍል ረገብ ይላል። የተጠኑት አዋቂዎች ናቸው። እኔ ልጆችም ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ለመምህርቷ የነገርኳት ይህን ነው። ልጆች የትኛው ፊት ቲቸርን እንደሚያስደስት ያውቃሉ፤ የሚነኩትም እሱን ነው። ስለዚህ ቀድመሽ አንቺ የተቆጣውን ንኪ። «ቁልፌ ጠፍቶብኝ ተናድጃለሁ» በያቸው። ደግሞ ልጁን «ምን ተሰማህ?» እያልሽ አታስጨንቂው። «እማዬ ስትሄድ የከፋህ መሰለኝ» በይውና ጠብቂ። ከተሳሳትሽ ራሱ ያርምሻል። አንዱ እግሩን መሬት እየመታ «አልከፋኝም! ተናድጄ ነው!» ብሎኛል። እየጮኸ ሳለ ግን ምንም ቃል አይገባውም፤ መጀመሪያ ይረጋጋ።

እናንተ ወጣቶችም ብትሆኑ ቃል አጥሯችኋል። ስታፍሩም ደበረኝ፣ ስትናፍቁም ደበረኝ፣ ስትፈሩም ደበረኝ። ከዚህ ውስጥ ልጅ የቱን ይማር?

አታስጨንቁት ያልኩት እኔ፣ ባለፈው የልጅ ልጄን ምን ሆንክ እያልኩ ሦስቴ ጠየቅኩት። «ምንም! እያሰብኩ ነው!» አለኝ።

ያንን ልጅ ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ለአራት ዓመት ልጅ ይቅርታ መጠየቅ ያኔ አልታየኝም። ከእሱ በኋላ ግን ሆዴን አመመኝ የሚለኝን ልጅ ሁሉ አቅፌ «ማን ናፈቀህ? ምን ከፋህ?» ማለት ጀመርኩ። አንዷን እንዲሁ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስጠይቃት አስታወከችብኝ። እሷን የምር አሟት ነበር።