የሚነበበውና የሚሞላው በአንድ ቅጽ ላይ

ጥያቄ፦ በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ በኮምፒውተር ባለሙያነት እሠራለሁ። አባላት መረጃቸውን የሚያድሱበትን የድረ ገጽ ቅጽ ሳዘጋጅ ሙሉ ስም፣ የአባልነት ቁጥርና የቁጠባ መጠን እንዲነበቡ ብቻ፣ ስልክ፣ አድራሻና የወራሽ ስም ደግሞ እንዲታረሙ አደረግሁ። ሁሉንም በሳጥን አስቀምጬ የማይታረሙትን «ዲስኤብልድ» በሚለው ትእዛዝ ዘጋኋቸው። አሁን አባላት ግራጫዎቹን ሳጥኖች ደጋግመው እየነኩ «ቅጹ አይሠራም» ይላሉ፤ የአባልነት ቁጥሩም ሰርቨሩ (መረጃውን ተቀብሎ የሚይዘው ኮምፒውተር) ዘንድ አይደርስም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከቁጥሩ እንጀምር። ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በኤችቲኤምኤል፣ ደንብ መሠረት «ዲስኤብልድ» የተባለ ሳጥን ቅጹ ሲላክ አብሮ አይላክም፤ በታብ ቁልፍም አይደረስበትም። «ሪድኦንሊ» ግን ይዘቱ እንዳይለወጥ ይከለክላል እንጂ ጽሑፉ ይመረጣል፣ ይቀዳል፣ ከሌላው ጋርም ይላካል። ስለዚህ አንዱን በሌላው ቢተኩ ቁጥሩ ይደርስልዎታል፤ ሆኖም እዚያ ላይ እንዲያቆሙ አልመክርም። ማንኛውም ሰው በብሮውዘሩ ውስጥ ያለውን የገንቢዎች መሣሪያ ከፍቶ «ሪድኦንሊ» የሚለውን ሊያጠፋና በራሱ ቁጥር ምትክ የሌላ አባል ቁጥር ሊጽፍ ይችላል። ሰርቨሩ የተላከለትን ቁጥር አምኖ መዝገቡን የሚያድስ ከሆነ፣ ያ ሰው የሌላውን አባል ስልክ ብቻ ሳይሆን የወራሹንም ስም ይለውጣል። የአባልነት ቁጥሩ መወሰድ ያለበት ከቅጹ ሳይሆን፣ አባሉ በይለፍ ቃሉ ሲገባ ሰርቨሩ ማንነቱን አረጋግጦ ከያዘው መረጃ ነው። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ ተልኮ መመለስ ስለማያስፈልገው የጠየቁኝ ችግር ከነጭራሹ ይቀራል።

በጃንጎ (በፓይተን ቋንቋ ድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ) የሚሠሩ ከሆነ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ1.9 እትም ጀምሮ በቅጹ ኮድ ውስጥ «ዲስኤብልድ» የተባለውን መስክ ተጠቃሚው ቀይሮ ቢልከው እንኳ፣ የተላከው ተትቶ ቅጹ ሲከፈት የነበረው መረጃ ይወሰዳል። ድሩፓል በተባለው የድረ ገጽ ይዘት ማስተዳደሪያም «አይተም» የተባለው የመስክ ዓይነት ለማሳየት ብቻ፣ «ቫልዩ» የተባለው ደግሞ ወደ ብሮውዘሩ ሳይሄድ ሰርቨሩ ላይ ለማቆየት የተዘጋጁ ናቸው።

ወደ አባላቱ ቅሬታ ስንመጣ፣ እኔ በእነርሱ አልፈርድም። በወረቀት ቅጽ ላይ የታተመው ጽሑፍ ይነበባል፤ ነጠብጣቡ መስመር ላይ ይጻፋል፤ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። በድረ ገጽ የነጠብጣቡ ቦታ ሳጥኑ ነውና፣ ሳጥን ያየ ሰው ሊጽፍበት ቢነካው ትክክል ነው። ስምን፣ የአባልነት ቁጥርንና የቁጠባ መጠንን ከሳጥን አውጥተው፣ ከቅጹ በላይ «የእርስዎ መረጃ» በሚል ርእስ ሥር በተራ ጽሑፍ ያስቀምጧቸው፤ «ዲኤል» የተባለው ታግ ስያሜውንና ይዘቱን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ለማሳየት ይመቻል። «ስሜ ተሳስቷል» የሚል አባል አይጠፋምና፣ ለማሳረም ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር እዚያው ይጨምሩ። «ሪድኦንሊ» ሳጥን ተገቢ የሚሆነው፣ በእኔ አስተያየት፣ አሁን ተዘግቶ «አርም» የሚለው ቁልፍ ሲነካ ለሚከፈት መስክ ነው።

ስለ ግራጫው ቀለምም አንድ ነገር ልበል። ደብሊውሲኤጂ የተባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ ንጽጽር እንዲኖረው ሲጠይቅ፣ የተዘጉ መስኮችን ከዚህ ግዴታ ነጻ ያደርጋል። የቁጠባ መጠን ግን በፀሐይ ላይ፣ በስልክ የሚነበብ መረጃ ነው፤ ደንቡ ስለፈቀደ ብቻ ሊደበዝዝ አይገባም።

በሚታረሙት መስኮች አጠገብ የሚቀመጠው ማብራሪያ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «በ09 ወይም በ07 የሚጀምር 10 አኃዝ ይጻፉ» የሚለውን ሳጥኑ ውስጥ በፕሌስሆልደር (ሳጥኑ ባዶ ሳለ በሚታየው ጠቋሚ ጽሑፍ) ካስቀመጡት፣ አባሉ መጻፍ ሲጀምር፣ ማለትም በሚያስፈልገው ሰዓት፣ ይጠፋል። ከሳጥኑ ሥር ካደረጉትም የስልኩ የፊደል ገበታ ሊሸፍነው ይችላል፤ ስለዚህ በስያሜውና በሳጥኑ መካከል ያስገቡት። ዓይነ ስውራን አባላት እንደ ኤንቪዲኤና ጆውስ ባሉ ስክሪን ሪደሮች (የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነቡ ፕሮግራሞች) ቅጽ ሲሞሉ፣ በታብ ቁልፍ ከሳጥን ወደ ሳጥን ስለሚዘሉ በመካከል ያለ ልቅ ጽሑፍ ያመልጣቸዋል። ለማብራሪያው አይዲ (መለያ ስም) ሰጥተው ሳጥኑን «አሪያ-ዲስክራይብድባይ» በሚለው ትእዛዝ ከእርሱ ጋር ካያያዙት፣ ከስያሜው ቀጥሎ ይነበብላቸዋል። ማብራሪያው አጭር ይሁን፤ በዚህ መንገድ የተያያዘ ጽሑፍ በአንድ ትንፋሽ ስለሚነበብ ዝርዝሩም ሊንኩም ቅርጹን ያጣል። ወራሽን ስለ መሰየም ያለው ረጅም ደንብ ከመጀመሪያው ሳጥን በፊት፣ በራሱ አንቀጽ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ከዝርዝር የሚመረጥ መስክ ላይ «ሪድኦንሊ» ብዬ ብጽፍም ተጠቃሚው ምርጫውን ይቀይራል። ብሮውዘሬ ይሆን የተበላሸው?

መልስ፦ ብሮውዘርዎ ደኅና ነው። «ሪድኦንሊ» የሚሠራው ጽሑፍ፣ ቁጥር ወይም ቀን ለሚጻፍባቸው መስኮች እንጂ ለምርጫ ዝርዝር፣ ለቼክ ቦክስና ለሬዲዮ በተን አይደለም። የተመረጠውን፣ ለምሳሌ «ቅርንጫፍ፦ ባሕር ዳር»፣ በተራ ጽሑፍ ያሳዩትና እውነተኛውን ምርጫ ሰርቨሩ ላይ ያቆዩት።