ማግኔት የሚስብ ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ሜትዮራይት ነው?

ጠንካራ የኒዮዲሚየም ማግኔት የሳበው፣ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ጥቁር ድንጋይ አግኝተህ ሜትዮራይት (ከጠፈር ምድር ላይ የወደቀ ድንጋይ) ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ማግኔት መሳቡ ብቻ አያረጋግጥም። ባዛልት (ከላቫ የተሠራ ጥቁር ድንጋይ) ውስጥም ማግኔታይት የሚባል ብረት ያለበት ማዕድን ስላለ የአገራችን ጥቁር ድንጋይ ብዙው ማግኔት ይይዛል፣ ደከም ብሎም ቢሆን። «ውስጡም ቀዳዳ ቀዳዳ ነው» ያልከው ደግሞ ይበልጥ ያጠራጥራል፤ ያ ላቫ ሲቀዘቅዝ ጋዝ የተወው አረፋ ነው፣ ሜትዮራይት ላይ እምብዛም አይታይም። ላዩ ላይ በአውራ ጣት የተጫኑት የሚመስል ጎድጎድ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።

ለማንኛውም ቤትህ እንዲህ ሞክር፦

1. ሲኒ ገልብጥ። ከሥሩ ቅብ ያልነካው ሻካራ ቀለበት አለ፤ ድንጋዩን ጫን አድርገህ አስምርበት። ቀይ ቡናማ ከወጣ ሄማታይት (ሌላ ብረት ያለበት ማዕድን)፣ ጥቁር ከወጣ ማግኔታይት ነው ብለህ ጠርጥር። ያልዛገ ሜትዮራይት በአብዛኛው መስመር አይተውም።

2. ድንጋዩን መዝን። ቀጥሎ ውሃ ያለበት ጣሳ ሚዛን ላይ አስቀምጠህ ዜሮ አድርገው፤ ድንጋዩን በክር አንጠልጥለህ ጣሳውን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቀው። የመጀመሪያውን ግራም አሁን ሚዛኑ ለሚያሳየው ግራም አካፍል፤ ድንጋዩ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይነግርሃል። 420 ለ120 ቢሆን 3.5 ይመጣል። ባዛልት 3 አካባቢ ነው፣ የተለመደው ድንጋያማ ሜትዮራይት ከ3.2 እስከ 3.7፣ የብረት ሜትዮራይት ከ7 በላይ። ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ግን ቁጥሩን ያሳስታል። ስታወጣው ወዲያው አድርቀው፤ ብረት ካለው ይዝጋል።

3. አንድ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍገህ በማጉያ መነጽር እይ። የሚያብረቀርቅ የብረት ፍንጣቂ ከታየህ ጂኦሎጂ ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ ውሰደው።

አንድ ነገር፦ ጠንካራውን የኒዮዲሚየም ማግኔት ደግመህ አታስጠጋው። ሜትዮራይት ከሆነ፣ በቢሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት የያዘውን የማግኔት አሻራ በአንዴ ያጠፋዋል። የፍሪጅ ማግኔት በክር አንጠልጥለህ ብታስጠጋ፣ ሲወዛወዝ ታየዋለህ፤ ይበቃል።